የአወቀ መመለስ፤ «አዲስ ዓለም» ስለሚባለው መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት

ሰው በተወለደበት ቀዬ ሳለ ራሱን የሚያውቀው በዘመዶቹ አፍ ነው። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወንድም፣ የዚህ ደብር ሰው ይሉታል፤ እርሱም የሚሉትን ነኝ ብሎ አምኖ ይኖራል። ከአገሩ በወጣ ጊዜ ግን አባቱን የሚያውቅ፣ ቋንቋውን የሚሰማ፣ ልማዱን የሚያከብር ያጣል፤ ያን ጊዜ ከእርሱ ጋር የቀረው ምን እንደ ሆነ ማየት ይጀምራል። ስለዚህ በባዕድ አገር መኖር ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ተምሮ እንደማይወጣ፣ ባሕር የተሻገረ ሁሉ አዋቂ ሆኖ አይመለስም። ከቀደሙት የአማርኛ ልብ ወለድ መጻሕፍት መካከል ይህን ነገር ዋና ጉዳዩ አድርጎ የተነሣው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም፤ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» የተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ተመስግኗል፤ በሚገባ የተመረመረው ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ደራሲው በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ኋላም በመንግሥት ሥራ ከፍ ብለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለጊዮርጊስ 5ኛ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር አውሮጳን አይተዋል፤ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምንና አውሮጳን ሲጎበኙ አብረው ሄደዋል፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ጃፓን ተጉዘዋል። ልጆቻቸውንም ሲራክንና ፈቃደ ሥላሴን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው፣ አንዱን በኦክስፎርድ፣ አንዱን በኬምብሪጅ አስተምረዋል። እንግዲህ «አዲስ ዓለም» ስለ ሩቅ ነገር በምኞት የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። ልጆቹን ወደ ባዕድ አገር የሰደደ አባት፣ «እነዚህ ሲመለሱ ከእኛ ጋር እንዴት ይኖሩ ይሆን?» ብሎ ሲያስብ የጻፈው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሸዋ በተጉለት የተወለደ አወቀ የሚባል ልጅ የውጭ አገር ትምህርት ናፍቆ ወደ ፈረንሳይ አገር ይሄዳል፤ በፓሪስ ከተማ ተምሮም ወደ አገሩ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ግን ከዘመዶቹ ጋር አሳቡ አልገጥም ይላል። አባቱ በሞተ ጊዜ ስለ ለቅሶውና ስለ ተዝካሩ፣ ሚስት ሊያገባ በታሰበም ጊዜ ስለ ጋብቻው ልማድ ክርክር ይነሣል። በመጨረሻም ነገሩ ከአንድ ቤተ ሰብ ክርክር ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ሊሻሻል የሚገባው ልማድ በካህናት ጉባኤ የሚመከርበት ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የሰውዬው ስም ነው። ደራሲው ሰምና ወርቅ የሚያውቁ ናቸውና ስሙን በከንቱ አላወጡትም። በፓሪስ የተማረው ሰው «አወቀ» ተባለ፤ ወርቁ ከሰሙ ተለይቶ በመጀመሪያው ገጽ ታየ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ አንባቢ ግን ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣል። «አወቀ» ኃላፊ አንቀጽ ነው፤ ሥራው አልቋል፣ የሚጠበቅ ነገር የለውም። በባዕድ አገር ኖሮ የሚያድግ ሰው ታሪክ ግን በትንቢት አንቀጽ ቢነገር ይሻል ነበር፤ «ያውቃል» እየተባለ አንባቢው እስከ መጨረሻው ገጽ በተስፋ ይከተለው ነበር። ይህ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፉ ብርታትም ጉድለትም ከዚሁ ይወጣል።

ብርታቱ ይህ ነው፤ ደራሲው የታሪኩን ክብደት በፓሪስ ላይ አላኖሩትም። በዚያ ዘመን አብዛኛው አንባቢ የአውሮጳን ከተማ አይቶ ስለማያውቅ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ሰፊው ጎዳና፣ ስለ መብራቱና ስለ ፎቁ ብዙ ገጽ ቢጻፍለት በደስታ ባነበበ ነበር። እርሳቸው ግን ያን ሁሉ ትተው የአወቀን ትምህርት በተጉለት ፈተኑት። ሰው በባዕድ አገር ያገኘው ነገር የሚመዘነው በዚያ በተመሰገነበት ቦታ አይደለም፤ ከወንድሙ ጋር በተቀመጠበት፣ ሬሳ ከወጣበት ቤት፣ ከሽማግሎች ፊት ነው የሚመዘነው።

ይህን ከሌላ መጽሐፍ ጋር ቢያስተያዩት ይልቁን ይገለጣል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1759 ዓመተ ምሕረት፣ ራስላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ታሪክ ጽፎ ነበር። ልዑሉ ሁሉ ከሞላበት ሸለቆ ወጥቶ፣ ከእኅቱና ከአስተማሪው ጋር ወደ ግብፅ ወርዶ፣ በካይሮ እየኖረ ለሰው የሚበጀው ኑሮ የትኛው እንደ ሆነ ይፈልጋል። ይህንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ ሆነ፣ ልዑሉን በባዕድ አገር ብዙ ካስጠየቀው በኋላ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ ሲያስብ ታሪኩን ይዘጋል። ኢትዮጵያዊው ደራሲ ግን እንግሊዛዊው ከጨረሰበት ላይ ይጀምራሉ። የተመለሰ ሰው ቤት ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ የአገሩ ሰው ብቻ ነውና።

ጉድለቱ ደግሞ ከዚሁ ብርታት አጠገብ ቆሟል። አወቀ ሲሄድ ልጅ ነበረ፤ ሲመለስ አዋቂ ሆኗል፤ በመካከል ያለው ድካም ግን ለአንባቢ አልተሰጠም። ዕውቀት ተገለጠ፤ የተከፈለበት ዋጋ ተሸሸገ።

አገር ጥሎ ወጥቶ መማር ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር እንዳይመስል፣ የቅኔ ተማሪን ኑሮ ማስታወስ ይበቃል። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ብዙ ጊዜም ለአባቱ ሳይናገር ይወጣል። ከዘመዶቹ አገር አጥብቆ ይርቃል፤ ቅርብ ቢሆን እናቱ በናፍቆት፣ አባቱም ለእርሻ ፈልጎ ይመልሱታልና። ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ወይም ወደ ዋድላ ይሻገራል። በዚያ አነጋገሩ ይሣቅበታል። በማለዳ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የቆጠረው ቅኔ ይታረምበታል፤ በቀትር በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል። አንዱ ቤት ቁራሽ ሲሰጠው፣ አንዱ ቤት ውሻ ይለቅበታል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ፣ ቅኔ ከመቀኘት ሌላ ማንም በቃል ያላስተማረውን አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ሰው በተቸገረ ጊዜ ደጉና ክፉው በአገርና በዘር የሚለይ እንዳይደለ ነው። ደግሞም የሌላውን አገር ልማድ ከመንቀፉ አስቀድሞ በዚያ ልማድ ጥላ ሥር ተጠልሎ ማደሩን አይረሳም። ሊቃውንቱ ከመንደሩ ያልወጣ ተማሪ አይበስልም ማለታቸው ስለዚህ ነው።

በዚህ ሚዛን አወቀን ሲጠይቁት መልስ የለውም። በፓሪስ በማን ደጅ ቆመ? ቋንቋው አልገባ ብሎት የተሣቀበት ቀን የትኛው ነው? በታመመ ጊዜ ያስታመመው ማነው? ልማዳቸው አስጠልቶት ቆይቶ፣ በኋላ ምክንያቱን ሲረዳ ያፈረው በምን ነገር ነው? መጽሐፉ በዚህ ላይ አይቆይም። ስለዚህ አንባቢው አወቀ የተማረ መሆኑን ከደራሲው በአደራ ይቀበላል እንጂ፣ ሲማር አያየውም።

ከዚህ ጉድለት ሁለተኛው ይወለዳል። አወቀ ከተመለሰ በኋላ የሚያስተምር እንጂ የሚማር ሰው አይደለም። የተዝካሩ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ደራሲው በለቅሶና በተዝካር ስም የሚደረገውን ብክነት መንቀፋቸው ትክክል ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ስንት ገበሬ በሬውን ሽጦ፣ መሬቱን በወለድ አገድ ሰጥቶ፣ የሙታን መታሰቢያ ያለውን ድግስ ደግሶ፣ በማግሥቱ ልጆቹን በረኀብ አሳድሯል! ስንቱስ ስለ ነፍስ በተጠራ ማዕድ ላይ ሰክሮ ተደባድቧል! ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ለካህንም ለጨዋም የማይገባ በሆነበት ዘመን ብላቴን ጌታ መናገራቸው ድፍረት ነበር።

ነገር ግን ተዝካር የሚያወጣ ሰው ሁሉ በከንቱ ውዳሴ ብቻ አያወጣም። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ የጎረቤቱን እንጀራ ሲበላ የኖረ ሰው ብድር አለበት፤ የእርሱ ቀን በደረሰ ጊዜ ቢቀርበት፣ ቆጠበ አይባልም፤ ከደ እንጂ። በዚያ ማዕድ ዙሪያ ተኳርፈው የነበሩ ይታረቃሉ፤ ሐዘንተኛዋ ባልቴት ብቻዋን እንዳልቀረች ታያለች። የቆሎ ተማሪም ጠግቦ የሚያድርበት ቀን የተዝካር ቀን መሆኑን አኩፋዳ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ብክነቱን አያጸድቅም፤ ነገር ግን የሚያሻሽል ሰው አስቀድሞ ልማዱ ምን ተሸክሞ እንደ ቆመ ማወቅ ይገባዋል። ምሰሶ መሆኑን ሳይመረምር የነቀዘ እንጨት ብሎ የነቀለ፣ ጣራውን በራሱ ላይ ያፈርሳል። በባዕድ አገር ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ከማንም ይልቅ ይህን ሊረዳ ይገባ ነበር። የፈረንሳይ ሰው ልማድ በመጀመሪያ እብደት መስሎት ታይቶት፣ ኋላ ምክንያት እንዳለው የተረዳ ከሆነ፣ ለፈረንሳይ የሰጠውን ትዕግሥት ለተጉለት ስለ ምን ነፈገ?

በቅዱስ መጽሐፍ ለዚህ ነገር ከሙሴ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። ሙሴ በባዕድ አገር ሁለት ጊዜ ኖሯል። በፊተኛው አርባ ዓመት በፈርዖን ቤት ነበረ፤ የግብፅን ጥበብ ሁሉ ተማረ። በዚያ ዕውቀትና በዚያ ኃይል ወደ ወንድሞቹ በወጣ ጊዜ ግብፃዊውን ገደለ፤ በማግሥቱም ሁለት ዕብራውያን ሲጣሉ ሊያስታርቅ ቢገባ፣ «አንተን ማን ዳኛ አደረገህ?» በሚል ነገር አሳፈሩት። አሳቡ ቅን ነበረ፤ ወንድሞቹን ግን አያውቃቸውም ነበረ። በኋለኛው አርባ ዓመት በምድያም ኖረ። በዚያ የሌላ ሰው በግ ጠበቀ፤ ለበኵር ልጁም መጻተኝነቱን የሚያስታውስ ስም አወጣለት። በፈርዖን ቤት ጌታ የነበረው በምድያም እንግዳ መሆንን ተማረ። ወደ ወንድሞቹ የተላከውም ከዚህ በኋላ ነው።

ፍጻሜውንም አንባቢ ያስተውል። ሕዝቡን ይዞ በምድረ በዳ ሳለ፣ ከጧት እስከ ማታ በዳኝነት ሲደክም፣ አማቱ ዮቶር መጥቶ የሺህና የመቶ አለቆች እንዲሾም መከረው። ዮቶር የምድያም ካህን ነው፤ ባዕድ ነው። ሙሴ ግን ምክሩን ተቀበለ፤ ሕዝቡም በዚያ ሥርዓት ተዳኘ። በፈርዖን ጥበብ ያልተሠራው ሥራ ከባዕድ በተገኘ ምክር ተሠራ። ልዩነቱ ጥበቡ የውጭ መሆኑና አለመሆኑ አይደለም፤ ሁለቱም የውጭ ነውና። ልዩነቱ በተቀባዩ ላይ ነው። ፊተኛው ሙሴ ሊያርም መጣ፤ ኋለኛው ሙሴ ከሕዝቡ ጋር ሲደክም ተገኘ። አወቀም ከፈርዖን ቤት ተመልሷል፤ በምድያም ግን አላለፈም። በተጉለት የገጠመው መከራ የዘመዶቹ ድንቁርና ብቻ ያመጣው እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

የሚያስደንቀው ግን ደራሲው ራሳቸው ለአወቀ ያልሰጡትን ነገር በሌላ መጽሐፋቸው ማሳየታቸው ነው። በ1924 ዓ.ም. ከጃፓን ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ የሚታዩት እንደሚያስተምር ሰው ሆነው ሳይሆን እንደሚጠይቅ እንግዳ ሆነው ነው። የጃፓንን ሥርዓት ከኢትዮጵያ ሥርዓት ጋር ያስተያያሉ፤ ሁለቱም አገሮች ረዥም ዘመን የኖረ የንጉሥ ዘር እንዳላቸው፣ በልማድም የሚመሳሰሉበት ነገር እንዳለ ይጽፋሉ፤ ጃፓን የራሷን ይዛ የሌላውን ዕውቀት እንዴት እንደ ወሰደች ያመለክታሉ። ሰውዬው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሆኖም እንደ አዲስ ተማሪ ዓይናቸውን ከፍተው ሄዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ በታተመው «አዲስ ዓለም» ይህ የእንግዳ ዓይን ለአወቀ ቢዋሰው ኖሮ፣ መጽሐፉ ከምክርነት አልፎ ሕያው ሰው የሚታይበት በሆነ ነበር።

መጽሐፉን ለመከላከል የሚነገረውም ነገር ቀላል አይደለም። በ1925 ዓ.ም. በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ ጥቂት ነበረ፤ አንባቢውም ከመጽሐፍ የሚፈልገው ምክርንና ተግሣጽን ነው። ደራሲውም አወቀን የፈጠሩት ሰው ሆኖ እንዲታይ ብቻ አይደለም፤ ሊናገሩ የፈለጉትን ነገር የሚያስተላልፍላቸው አፍ እንዲሆን ነው እንጂ። ደግሞም አወቀን ከአገሩ አላጣሉትም። ተናድዶ ወደ ፓሪስ አልተመለሰም፤ ቤተ ክርስቲያኑንም አልተወም። የክርክሩን ፍጻሜ ወደ ካህናት ጉባኤ ማድረሳቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። ልማድ የሚሻሻለው ከውጭ በመጣ አንድ ሰው ንግግር እንዳይደለ፣ ልማዱን የሚጠብቁት ራሳቸው ተሰብስበው ሲመክሩበት እንደ ሆነ በዚህ አመለከቱ። አወቀ ያልተማረውን ትዕግሥት ደራሲው በመጽሐፉ ሥርዓት ውስጥ አኖሩት ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ ለመጽሐፉ ደራሲው ያላሰቡትን ትርጓሜ ጨመረለት። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። ፈቃደ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተምሮ ተመልሶ ነበርና በጠላት እጅ ተገደለ። አባትዮውም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ኖረው፣ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲገቡ ለማየት አልታደሉም። ስለ መመለስ የጻፉት ደራሲ በሕይወታቸው ሳይመለሱ ቀሩ። አስቀድሞ ወደ አውሮጳ የሄዱት የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው፣ በቤተ መንግሥት እየተቀበሏቸው ነበር፤ ያ የፈርዖን ቤት ነው ቢባል፣ ባዝ ምድያማቸው ነበረ። ከዚያ ቢመለሱ ኖሮ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይጽፉ እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን አወቀን እንደ ፊተኛው አድርገው ባልሳሉት ነበር ብሎ ማሰብ ይገባል።

ዛሬ የአወቀ ነገር የአንድ የተጉለት ልጅ ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮጳ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ለአባት ለቅሶ፣ ለእኅት ሠርግ፣ ለተዝካር ሲመጡ ያው የጥንቱ ክርክር በየቤቱ ይነሣል፤ መምጫው እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። እንዲያውም አወቀ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ እርሱ ሊኖር ተመልሶ ነበርና የተናገረው ነገር ዋጋ በራሱ ላይ ይቆጠር ነበር። ለጥቂት ሳምንት መጥቶ የዘመዶቹን ልማድ ነቅፎ የሚሄድ ሰው ግን ዋጋውን ለቀሩት ትቶ ይሄዳል። በአንጻሩም በባዕድ አገር በሰው ቤት አገልግሎ፣ ሕሙም አስታሞ፣ ሕፃን አሳድጎ የተመለሰ ብዙ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ኖሮበታል፤ የሚናገረውም ጥቂት፣ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የአማርኛ ደራስያን የዚህን ሰው ታሪክ ቢጽፉ፣ ብላቴን ጌታ በጀመሩት ሥራ ላይ የጎደለውን በሞሉ ነበር።

እንግዲህ «አዲስ ዓለም» ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው፤ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚልክ አባትም፣ ከሩቅ አገር የሚመለስ ልጅም፣ የሚቀበሉት ካህናትና ዘመዶችም ያንብቡት። አንባቢው ግን ደራሲው ባልጻፉት ገጽ ላይ ቆም ይበል። አወቀ ፓሪስ ደርሶ ቋንቋ ያልገባው፣ ስሙን የሚጠራው ያጣ፣ በሌላ ሰው ደጅ የቆመ እንግዳ የነበረባት አንዲት ቀን መኖር አለባት። ያችን ቀን ይዞ ቢመለስ ኖሮ፣ በአባቱ ለቅሶ ላይ የተሰበሰቡትን ዘመዶቹን ከመገሠጹ በፊት ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብሎ ባለቀሰ ነበር፤ ከለቅሶውም በኋላ የሚለውን በሰሙት ነበር።